ከኦብጀክት እስከ ዳታቤዝ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! ቅዳሜ ጠዋት ከገላን፣ ከቂሊንጦ፣ ከኮዬ ፈጬ በታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወላጆችም አላችሁ፤ ልጆቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጥደው የሚያመሹበትን ጉዳይ ዛሬ በጥቂቱ ታዩታላችሁ።

ሠልጣኞች አስቀድማችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ ፕሮግራምን ከዳታቤዝ (ከመረጃ ማከማቻ) ጋር ከሚያገናኙት መንገዶች «የቱን ልማር?» የሚሉ ናቸው። ኦዲቢሲ? ኤዲኦ? ጄዲቢሲ? እውነቱን ለመናገር የስሙ ብዛት ያደክማል። ስሞቹን አትሸምድዱ። ከሥራቸው ያለው ሐሳብ ጥቂት ነው።

የሸማቾች ሱቅ ፕሮግራም እየጻፍን ነው እንበል። «ደንበኛ» የሚል ክላስ እናዘጋጃለን። ክላሱ ደንበኛ ምን ምን እንዳለው የሚናገር ንድፍ ነው። አንዲት እናት መጥተው ሲመዘገቡ በዚያ ንድፍ የሚፈጠረው ኦብጀክት ነው። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ቀሪ ዕዳቸው ፕሮፐርቲ ይባላል። ኦብጀክቱ የሚሠራው ሥራ፣ ለምሳሌ «ዕዳ ክፈል»፣ ሜተድ ነው። ክፍያው ሲያልቅ «አለቀ» ብሎ ለሌላው የፕሮግራሙ ክፍል የሚያሳውቀው ደግሞ ኢቨንት።

ነገሩ የቆየ ነው። ዳል እና ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን ኦስሎ ላይ ሲሙላ 67 የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠሩ ክላስም ኦብጀክትም ነበራቸው፤ አንዱ ክላስ ከሌላው የሚወርስበትን መንገድም አበጅተዋል። ውርስ የሌለው ቋንቋ ኦብጀክት ቤዝድ ይባላል፤ ውርስ ሲጨመርበት ኦብጀክት ኦሪየንትድ። የድሮው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ቪዥዋል ቤዚክ ክላስ እያለው የኮድ ውርስ አልነበረውም። ያገኘው በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጁ ነው የምጠራው) ዶት ኔት የተባለው እትሙ ሲመጣ ነው። ለፈተና ይጠቅማችኋል፤ ሥራ ላይ ግን ብዙም አያጨቃጭቅም።

ሥራ ላይ የሚያጨቃጭቀው ኢንካፕሱሌሽን፣ ማለትም የውስጡን አሠራር በክላሱ ውስጥ ሸፍኖ መያዝ ነው። የኛን አገር ቀን ውሰዱ። የብዙዎቹ ዳታቤዞች የቀን ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን «ቀን 30፣ ወር 2» ብላችሁ ብትልኩለት፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልስባችኋል። ጳጉሜ 3ማ ወሩ 13 ነው፤ ጭራሽ አይነካውም። እነዚህስ ጮኸው ይታወቃሉ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚገባው ነው። መስከረም 5 ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይቀመጣል፣ ማንም ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ቀን» የሚል ክላስ ጻፉ። ውስጡ የፈረንጁን ቀን ይያዝ፤ ወደ ውጭ በሜተድ መስከረምንና ጳጉሜን ይስጥ። ጳጉሜ መቼ 6 እንደምትሆን የሚያሰላው እዚያ ብቻ ይሁን። የቀረው ፕሮግራም ስለ ስሌቱ ምንም አይወቅ። ኢንካፕሱሌሽን ይህ ነው።

አሁን ወደ ዳታቤዝ። ኤድጋር ኮድ የተባለ ተመራማሪ መረጃን በሠንጠረዥ የማስቀመጥን ሐሳብ በ1970 ጻፈ። ከዚያ ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ መጣ። ግን እያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ መግቢያ ስለነበረው፣ ዳታቤዝ ሲቀየር ኮዱም ይቀየር ነበር። በ1992 ማይክሮሶፍት ኦዲቢሲን አወጣ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት መግቢያ ሆነ፣ ልዩነቱን ድራይቨሩ፣ ማለትም ለየዳታቤዙ የሚጻፈው አስተርጓሚ፣ ተሸከመው። ኤዲኦ በ1996 መጣ፣ የጃቫው ጄዲቢሲ በ1997። እስቲ አስተያዩአቸው። ኤዲኦ ውስጥ ኮኔክሽን፣ ኮማንድ፣ ሬከርድሴት አለ። ጄዲቢሲ ውስጥ ኮኔክሽን፣ ስቴትመንት፣ ሪዘልትሴት። በሩን ትከፍታላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ መልሱን ታነባላችሁ። ነገ ሌላ ስም ይዞ የሚመጣውንም በእነዚህ ሦስቱ ፈልጉት። በነገራችን ላይ የከፈታችሁትን ኮኔክሽን ዝጉ! ክፍት ከተዋችሁት ሌላው ተጠቃሚ ተራ ሲጠብቅ ይውላል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ተጠቃሚ የጻፈውን ጽሑፍ ከኤስኪውኤል ዓረፍተ ነገር ጋር በመደመር ምልክት አታጣብቁ። እዚህ አካባቢ ብዙ ስም በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ ደግሞ ሁድሃ የምትባል ከፍ ብላ የምትቀመጥ ምልክት አለች። በኤስኪውኤል ያቺው ምልክት ጽሑፍ የሚያበቃባት ናት። አንድ መዝጋቢ ቢሮ ውስጥ ሁድሃ ያለበት ስም በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ኤረር ሲያወጣ አይቻለሁ። የተሰጠው መፍትሔ ምን ነበር? ምልክቷን ትቶ መጻፍ! የሰው ስም ለፕሮግራመር ስንፍና ተቆረጠ። ጉዳዩ በዚህም አያበቃም። በዚያችው ቀዳዳ ክፉ ሰው የራሱን ትዕዛዝ አስገብቶ ሠንጠረዡን ሊያጠፋው ይችላል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው እሱ ነው። መድኃኒቱ ፓራሜትር ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፣ ስሙን ለብቻው ትልካላችሁ። ዳታቤዙ ስሙን እንደ ስም ብቻ ይወስደዋል፣ ሁድሃው ምንም አይሆንም።

መብራትም አለ፤ የኛን ሰፈር መብራት ታውቁታላችሁ። ዕዳው ተቀንሶ ደረሰኙ ሳይመዘገብ መብራቱ ቢጠፋስ? ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን እሰሯቸው። ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

ዛሬ የምንለማመደው ኤስኪውላይት በተባለ ትንሽ ዳታቤዝ ነው። ሰርቨር አይፈልግም፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ላፕቶፕ የሌላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሻይ ቡናው ደርሷል፣ ጠጥተን እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።