ብድር በበርበሬ ወቅት

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የተሰጠኝ ርዕስ «አነስተኛ ብድር ቤተሰብን ከድህነት እንዴት ያወጣል» ይላል። ያወጣል። እኔ ምስክር ነኝ። የመጣሁት ግን ብድሩ በሰዓቱ ስለ መድረሱ ልናገር ነው።

አራት ኪሎ ሰፈር በርበሬ ስሸጥ የምታውቁኝ እዚህ ብዙ ናችሁ። በርበሬ ወቅት አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከማረቆ፣ ከአላባ ሲገባ ይረክሳል። ፋሲካ ሲቃረብ ይወደዳል። ይህን ማንም ባለጉልት ያውቀዋል።

ያኔ ኅዳር ላይ ስሙን የማልጠራው አበዳሪ ዘንድ ሄጄ 20 ሺህ ብር ጠየቅሁ። ሐሳቤ መርካቶ በርበሬ ተራ ወርጄ ሁለት ኩንታል ዛላ ላነሳ፣ ቀንጥሼ፣ ደልዤ፣ አስፈጭቼ ለፋሲካ ላደርስ ነበር። ቅጽ ሙዪ አሉኝ፤ ሞላሁ። አምስት ሆናችሁ እርስ በርስ ዋስ ሁኑ አሉን፤ ሆንን። ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ሲሰበሰብ አንድ ፊርማ ጎደለ። ፈራሚው ስልጠና ሄዷል!

ገንዘቡ መቼ ወጣ? መጋቢት 20። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለት ኩንታል ያልኩት አንድ ከሩብ ሆነ። ሸጬ ሳልጨርስ ወሩ ደረሰና ክፍያ አምጪ ተባልኩ። ሲሰጡ አራት ወር፣ ሲቀበሉ አንድ ቀን አይታገሡም!

ያን ወር ያወጣኝ እቁቤ ነው። እጣ የወጣላት ጎረቤቴ «ለእሷ ይሁን» አለች። ቅጽ የለ፣ ማኅተም የለ። እቁብን ላመልክ አይደለም። እጣ በዕድል ነው፤ በርበሬ ደግሞ ዕድል አይጠብቅም።

በዓመቱ ወደዚህ ማኅበር መጣሁ። ገና ጥቂት ነበርን። በ12 ቀን ሰጣችሁኝ። ልጄን ኮሌጅ ያስገባሁት በዚያ በርበሬ ነው።

ባንግላዴሽ ውስጥ ሙሐመድ ዩኑስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ መምህር በ1976 እ.ኤ.አ. ለ42 ሰዎች ያበደሩት በድምሩ 27 ዶላር ነበር። የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ ሴት አይተው ነው የጀመሩት። ነጋዴው ለቀርከሃው ያበድራታል፣ በርጩማውን በራሱ ዋጋ ይወስድባታል። የጎደላት በሰዓቱ የሚደርስ ሳንቲም ነበር።

በ6 አገሮች፣ በእኛም ጭምር፣ በአነስተኛ ብድር ላይ የተደረጉ ጥናቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ብድሩ የቤተሰብን ኑሮ በአማካይ ያን ያህል አልለወጠም ይላሉ። ያነበበልኝ ልጄ ነው። እኔ አልገረመኝም። ገንዘቡ በስንት ወሩ እንደደረሰ እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር!

አሁን እኛም እየባሰብን ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ስንት ሴት ሦስት ወር ጠበቀች? እጅ አውጡ እስቲ! አያችሁ? ያ ስሙን የማልጠራው አበዳሪ እዚህ አዳራሽ ገብቷል ማለት ነው።

የቡድን ዋስትናውም ይታይ። ፒያሳ ሲፈርስ ጎረቤት ተበትኗል፤ ከዋሶቼ ሁለቱ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ናቸው። ስለ ወለድም ልል ነበር፣ ሰዓት አልቋል እያሉኝ ነው።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጄ፣ ጻፊልኝ፤ ማመልከቻ በገባ በ15 ቀን መልስ ይሰጥ። ኅዳር ሁለት ወር ቀርቶታል።