«አዲስ ደንብ ወጣ» ሲባል ምን ወጣ? ስለ ፌዴራል ሬጅስተር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደንብ ሲያወጡ፣ ሲያሻሽሉና ሲሽሩ የት ያሳትሙታል? እኛስ እንዴት እናገኘዋለን? በዚህ ጉዳይ አድማጮች በስልክ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች ስድስቱን ከነመልሳቸው አቅርበናል። መልሱን የሰጡት የአስተዳደር ሕግ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ በየሳምንቱ «አዲስ ሕግ ወጣ» የሚል መልእክት በስልኬ ይደርሰኛል። አንዱ የማመልከቻ ክፍያ ጨመረ ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። እውነቱን ከየት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ የተጋቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ፌዴራል መንግሥቱ ፌዴራል ሬጅስተር የሚባል ጋዜጣ አለው፤ ከበዓላት በቀር በሥራ ቀን ሁሉ ይታተማል፤ በኢንተርኔትም ማንም ሰው በነጻ ያነበዋል። ነጋሪት ጋዜጣን ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ የሚያትመው የጸደቀውን ሕግ ነው፤ ፌዴራል ሬጅስተር ግን ገና በሐሳብ ላይ ያለውንም ያትማል። የሚወጡት ሰነዶች አራት ዓይነት ናቸው፤ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዞችና አዋጆች፣ የጸደቁ ደንቦች፣ ረቂቅ ደንቦች እና ማስታወቂያዎች። አብዛኛው የተሳሳተ ወሬ የሚወለደው ረቂቁን እንደ ጸደቀ ከማንበብ ነው።

የኢሚግሬሽን ክፍያውን ታሪክ ይመልከቱ። ረቂቁ የታተመው ጃንዋሪ 4 ቀን 2023 ነበር። በዚያ ቀን «ክፍያ ጨመረ» ያለ ሰው ተሳስቷል፤ «ምንም የለም» ብሎ ያጣጣለውም እውነቱን ሙሉ አልተናገረም። የጸደቀው ደንብ የወጣው ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ኤፕሪል 1 ቀን 2024 ነው። ከሐሳቡ እስከ ተግባሩ አሥራ አምስት ወር ገደማ አለፈ ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ለዜግነት ያመለከተ ሰው የሚከፍለው የቀድሞውን 725 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ በወረቀት የሚያመለክት 760፣ በኢንተርኔት የሚያመለክት 710 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። ስለዚህ መልእክት ሲደርስዎ ላኪውን «ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ? የሚጸናውስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ወደ ራሱ ሰነድ ይሂዱ፤ ፌዴራልሬጅስተር ዶት ጎቭ በሚለው ገጽ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጽፈው መፈለግ ይችላሉ። የሚከታተሉትን ርዕስ መርጠው ኢሜይልዎን ካስመዘገቡም አዲስ ነገር ሲታተም ይላክልዎታል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ያላነበብሁት፣ መኖሩንም ያልሰማሁት ደንብ እንዴት ይገዛኛል? ይህ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ተከራክሮበታል። በ1945 በአይዳሆ ግዛት ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬዎች ሰብላቸውን መድን ለማስገባት የመንግሥቱን የሰብል መድን ድርጅት የአካባቢ ተጠሪዎች ያማክራሉ። ከማሳው አብዛኛው የክረምት ስንዴ ተዘርቶበት የነበረና በጸደይ እንደገና የተዘራ መሆኑን አልደበቁም። ተጠሪዎቹም «ሁሉም መድን ይገባል» አሏቸው። በበጋ ድርቅ መጣ፤ ሰብሉ ጠፋ። ካሳ ሲጠይቁ ግን ድርጅቱ እንደገና የተዘራ ስንዴ በመድኑ እንደማይሸፈን የሚደነግግ፣ በፌዴራል ሬጅስተር የታተመ ደንብ አውጥቶ አሳያቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1947 በአምስት ለአራት ድምፅ ለድርጅቱ ፈረደ። በሕጉ መሠረት በሬጅስተሩ የታተመ ነገር፣ ሰው አነበበውም አላነበበውም፣ እንዳወቀው ይቆጠራል። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ገበሬ ሁሉ ይህን ጋዜጣ ያውቃል ማለት ከእውነት የራቀ ነው ብለው ጽፈዋል፤ እኔም ልቤ ከእሳቸው ጋር ነው። ሕጉ ግን ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ የቢሮ ሠራተኛ በቃል የነገረዎትን ይዘው ትልቅ ውሳኔ አይወስኑ። «በየትኛው ደንብ?» ብለው ቁጥሩን ያጽፉ።

ነገር ግን ጋዜጣው የተቋቋመው ሰውን ለማጥመድ አልነበረም። ከ1935 በፊት የመሥሪያ ቤቶች ደንቦች በአንድ ቦታ አይታተሙም ነበር፤ ራሱ መንግሥትም ይጠፋበት ነበር። በዚያን ጊዜ በነዳጅ ዘይት ሽያጭ ላይ በተነሣ ክርክር፣ መንግሥት ሰዎችን የከሰሰበት አንቀጽ በስሕተት ከደንቡ ወጥቶ እንደነበረ የታወቀው ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ በሌለ አንቀጽ ሰው እንዴት ይከሰሳል ብለው ተገረሙ። በ1935 የፌዴራል ሬጅስተር ሕግ ወጣ፤ የመጀመሪያው እትም ማርች 14 ቀን 1936 ታተመ። ግዴታው ለሁለቱም ወገን ነው፤ ዜጋው ያልታተመን ደንብ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፣ መንግሥትም መታተም የሚገባውን ሳያሳትም ሰውን በዚያ መጉዳት አይችልም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ታክሲ ነጂ ነኝ። ስለ ታክሲ ፈቃድ ፌዴራል ሬጅስተር ላይ ፈልጌ ምንም አላገኘሁም።

መልስ፦ አያገኙትም፤ የታክሲ ፈቃድ የከተማው ጉዳይ ነው። ዲሲ የራሱ ጋዜጣ አለው፤ ዲሲ ሬጅስተር ይባላል፣ በየሳምንቱ ዓርብ ይወጣል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸው አላቸው። ፌዴራሉን የሚፈልጉት ለኢሚግሬሽን፣ ለፌዴራል ግብር፣ ለሜዲኬር፣ በግዛቶች መካከል ለሚደረግ የጭነት ትራንስፖርትና ለመሳሰለው ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ «አስተያየት ስጡ» ይላሉ። እኔ ዜጋ አይደለሁም። ብጽፍ ማን ያነበዋል? ችግርስ አያመጣብኝም?

መልስ፦ መጻፍ ይችላሉ። የ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ አስተያየት እንዲሰጡ ዕድል ይሰጣል፤ ዜግነት አይጠይቅም። ስጋትዎን ግን አላቃልለውም። አስተያየቱ ሬጉሌሽንስ ዶት ጎቭ በሚባለው ገጽ ላይ በግልጽ ይለጠፋል፤ ማንም ያየዋል። የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ አድራሻ ወይም የሌላ ሰው ምስጢር በውስጡ በፍጹም አይጻፍ። ስም ሳይጠቅሱ መላክም ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተረጋጋ ሰው ቢጠይቀኝ፣ የሚለውን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱ ወይም ለማኅበረሰብ ማኅበሩ ሰጥቶ በድርጅቱ ስም እንዲላክ እመክረዋለሁ።

ማን ያነበዋል ላሉት፣ መሥሪያ ቤቱ ማንበብ ግዴታው ነው። ክብደት ላላቸው ነጥቦች በጸደቀው ደንብ መግቢያ ላይ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ፍርድ ቤት ደንቡን ሊያፈርስበት ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ምርጫ አይደለም፤ ድምፅ አይቆጠርም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሺህ ሰው ገልብጦ ቢልከው፣ ክብደቱ ከአንድ ደብዳቤ ብዙም አይበልጥም። የሚያስኬደው የራስዎ የሕይወትና የሥራ ዕውቀት ነው። የአረጋውያን ተንከባካቢ ከሆኑ፣ የደንቡን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሰው «ይህ በዚህ ምክንያት በሌሊት ተራ ሊሠራ አይችልም፣ በምትኩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብለው በአንድ ገጽ ይጻፉ። በዋሽንግተን ቢሮ ያለው ረቂቅ አዘጋጅ ይህን ከእርስዎ በቀር ከማንም አያገኘውም።

ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው፣ ቀድሞ የጠቀስሁትን የክፍያ ደንብ እንደገና ልውሰድ። በረቂቁ መሠረት ለዜግነት ማመልከቻ በግማሽ ዋጋ መክፈል የሚችለው የቤተሰብ ገቢው ከድህነት መለኪያው ከ200 በመቶ የማይበልጥ ሰው ነበር። ከ5,400 በላይ የተለያዩ አስተያየቶች ከቀረቡ በኋላ የጸደቀው ደንብ ወሰኑን ወደ 400 በመቶ ከፍ አደረገው። ብዙ ሠርቶ አደር ቤተሰቦች 380 ዶላር ብቻ መክፈል የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ የመጣው ሰዎች ጊዜያቸውን ሰውተው ስለ ጻፉ ነው፤ ሀበሾችም ከጸሐፊዎቹ መካከል እንድንበዛ ከልቤ እመኛለሁ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ሕጉ ለአስተያየት የተወሰነ ቀን አያስቀምጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን ይሰጣል። የመጨረሻው ሰዓት በዋሽንግተን ዲሲ አቆጣጠር ስለሚሆን እርስዎ ሲያትል ሆነው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋብዎታል። የኢሚግሬሽንን ጉዳይ የሚመራው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስተያየቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወይም የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲያያዝ ይጠይቃል፤ በአማርኛ ጽፈው የሚያስተረጉምልዎትን ይፈልጉ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ እናት)፦ ልጄ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሰነዱ መቶ ገጽ ነው። ስለ ጊዜያዊ ከለላ የወጣውን እንዴት ልረዳው?

መልስ፦ እናቴ፣ መቶውን ገጽ አያንብቡ። የመሥሪያ ቤቶች ሰነዶች በአንድ ሥርዓት ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ የድርጊቱ ዓይነት፣ ከዚያ አጭር መግለጫ፣ ከዚያ ቀኖች። «ድርጊት» የሚለው መስመር ረቂቅ፣ ደንብ ወይም ማስታወቂያ መሆኑን ይነግርዎታል። «ቀኖች» የሚለው ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ይነግርዎታል። ዝቅ ብሎ ለተጨማሪ ማብራሪያ የሚደወልበት ስልክ ይጻፋል። አንድ የልጅ ልጅ እነዚህን አራት አምስት መስመሮች ቢተረጉምልዎት የነገሩን ዋና ክፍል ይዘዋል።

በጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ)፣ ማለትም አገራቸው በጦርነት ወይም በአደጋ ላይ ላለ ሰዎች ለጊዜው በአሜሪካ እንዲኖሩ በሚሰጠው ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ ዜናው ሌላ፣ ሕትመቱ ሌላ ነው። ለኢትዮጵያውያን ከለላው እንደሚሰጥ የተነገረው ኦክቶበር 21 ቀን 2022 ነበር። ማስታወቂያው በሬጅስተሩ የታተመው ግን ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ነው፤ አሥራ ስምንቱ ወር መቆጠር የጀመረውም ከዚያ ቀን ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2022 ጀምሮ በአሜሪካ መኖርን የሚጠይቀው መስፈርትም የተጻፈው እዚያው ነው። መቋረጡም በዜና ብቻ አይጸናም፤ ሕጉ ማስታወቂያው ከታተመ 60 ቀን ሳይሞላ እንዳይጸና ይከለክላል፤ ፍርድ ቤትም በመካከል ሊያግደው ይችላል። አንዳንድ ማስታወቂያዎች ጊዜው ያለፈበትን የሥራ ፈቃድ ያራዝማሉ፤ እንደዚያ ሲሆን ሕትመቱን አትመው ከካርድዎ ጋር ለአሠሪዎ ያሳዩ። ከዚህ በኋላ ግን የራስዎን ጉዳይ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ያሳዩ፤ ቅጽ የሚሞላ ሰው ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ደሞዝተኛ ነኝ። በ2024 የትርፍ ሰዓት ደንብ ወጣ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር፤ አለቃዬ ተሽሯል ይላል። የታተመ ደንብ እንዴት ይሻራል?

መልስ፦ አለቃዎ እውነታቸውን ነው። የጸደቀ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ከታተመ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ይጸናል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ምክር ቤቱ እንዲመረምራቸው 60 ቀን ይጠብቃሉ። መሥሪያ ቤቱ አስቸኳይ ምክንያት አለኝ ካለ ግን ወዲያው ሊያጸናው ይችላል፤ ይህን መብት አለአግባብ ሲጠቀሙበት ፍርድ ቤት ይገሥጻቸዋል። ከጸና በኋላም ቢሆን ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። እርስዎ ያሉት ደንብ ኤፕሪል 26 ቀን 2024 ታተመ፤ አሠሪ ለደሞዝተኛ የትርፍ ሰዓት ላለመክፈል ቢያንስ ሊከፍለው የሚገባውን ሳምንታዊ ደመወዝ ጁላይ 1 ቀን ከ684 ወደ 844 ዶላር አሳደገ። ኖቬምበር 15 ቀን 2024 በቴክሳስ ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን በመላ አገሪቱ ሻረው፤ መነሻውም ወደ 684 ተመለሰ። ፍርድ ቤት ሲሽር የቀድሞው ሕትመት ከገጹ ላይ አይነሣም፤ ስለዚህ ያረጀ ደንብ አንብበው እንዳይሳሳቱ በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

እርስዎ ግን ተስፋ አይቁረጡ። የሚኖሩት ኮሎራዶ ነው፤ ግዛቱ የራሱ ደንብ አለው። የፌዴራሉ 684 ዶላር በዓመት 35,568 ሲሆን፣ የኮሎራዶ መነሻ በ2024 55,000 ዶላር ነበር። ለሠራተኛ የሚጠቅመው ከፍተኛው ስለሆነ አለቃዎን የሚያሠራው የግዛቱ ነው። የደመወዝ ወረቀትዎንና የሠሩበትን ሰዓት ይዘው ወደ ግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይሂዱ።