ከስንት ብር በኋላ ታቆማላችሁ?

(የንግድ ሥራ ጀማሪዎች ሥልጠና ላጠናቀቁ ወጣቶች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና አሰልጣኞች፣ ውድ ተመራቂዎች፣

እንኳን ደስ አላችሁ! እንዲህ ባለ መድረክ «አትፍሩ፣ ደፋር ሁኑ» ማለት የተለመደ ነው። እኛ ግን ፍርሃታችሁን አክብረን እንነሳለን። ንግድ ለመጀመር የሚፈራ ሰው በአብዛኛው የሚፈራው ስንት ሊያጣ እንደሚችል ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሥራ መርጠን ብር በብር እንቆጥራለን። ሥራው እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ነው። እንጀራን ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ ይላል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ደግሞ «ይሄማ ቀላል ነው» በተባለ ሥራ ነው።

የምንጠራቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ ናቸው። ገበያው ሲለዋወጥ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ትተኳቸዋላችሁ።

አንድ ኩንታል ጤፍ 12,000 ብር ተገዛ እንበል። ማበጠሪያና ማስፈጫ 600፣ መብራት 500፣ የጋጋሪ 2,000፣ ማድረሻና ፌስታል 900 ብር። ድምሩ 16,000 ብር ይሆናል። ከኩንታሉ 500 እንጀራ ከወጣ አንዱ በ32 ብር ወደቀ ማለት ነው። በ36 ብር ብትሸጡት በእያንዳንዱ 4፣ በኩንታል 2,000 ብር ታተርፋላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ቤት ሊከራይ ይወጣል።

ቆዩ። ከ500ው እንጀራ 25ቱ ተቀዶ፣ ዓይን ሳያወጣ ቀርቶ ወይም ሻግቶ ተመለሰ እንበል። ከመቶ አምስት ብቻ ነው። ነገር ግን 25 ሲባዛ በ36፣ 900 ብር ነው፤ ከትርፉ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከኩንታሉ የተረፈው 1,100 ብር ብቻ ሆነ። በቀን 100 እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ በወር ስድስት ኩንታል ትፈጃላችሁ፤ ይህም 6,600 ብር ነው። የቤት ኪራይ 6,000 ከሆነ የቀራችሁ 600 ብር ነው። የራሳችሁን ደመወዝ ገና አላሰብንም። በቀን 200 ስትጋግሩ ግን ኪራዩ ያው ሆኖ 7,200 ብር ይቀራል። የቀን መጠናችሁ ስንት ሲደርስ ኪራዩን እንደሚሸፍን ሳታውቁ የኪራይ ውል አትፈርሙ። የስድስት ወር ቅድሚያ ከከፈላችሁ በኋላ ማወቁ ብዙም አይጠቅምም።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል? ከሊጡ እንጀምር። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ቀኑ ደረሰ ተብሎ ከተጋገረ እንጀራው ዓይን አያወጣም። በሞቃት ወራት ደግሞ ከልክ በላይ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የምትመሩት በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በሊጡ ነው፦ ውሃው ከላይ ሲጠልል፣ አብሲት ከተጣለበት በኋላም ኩፍ ሲል። የእርሾውን ዕቃ በየጊዜው አጥባችሁ አድርቁ። ሌላው ጥፋት ትኩስ እንጀራ እየደራረቡ ፌስታል ውስጥ መክተት ነው። በእንፋሎቱ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ ሁለት ቀን ሳይሞላውም ይሻግታል። በሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ አይታሸግ። ዱቄት ተፈጭቶ የቀረበ አትግዙ፤ ጤፉን በእህልነቱ ገዝታችሁ፣ አበጥራችሁ፣ ወፍጮው አጠገብ ቆማችሁ አስፈጩ። ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ያስከተለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንድ ጊዜ የተጠረጠረ አቅራቢ ደንበኛ አይመለስለትም።

ስለ መብራቱም ጥቂት እንበል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። አንዱ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ቢያወጣ 200ው አሥር ሰዓት ስለሚፈጅ ሁለተኛ ምጣድ የግድ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ የሰካ ሰው ሶኬቱን አቅልጦ ቆጣሪውን ያቃጥላል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የየራሱ መስመርና ብሬከር ይዘርጋለት፤ ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊትም ቆጣሪው ይህን ጭነት መቻሉን በባለሙያ አስፈትሹ። መብራት ሲጠፋ ሊጡ መኮምጠጡን አያቆምም፤ ሆቴሉም ምሳ ማቅረቡን አያቆምም። የእንጨት ምጣድ በተጠባባቂነት ይኑር፣ ወይም በሌላ ሰፈር ካለ ጋጋሪ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ዱቤ። በቀን 200 እንጀራ በ32 ብር ማለት በየቀኑ 6,400 ብር ከኪሳችሁ ይወጣል ማለት ነው። ሊጡ ለመቡካት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሆቴሉ በየወሩ መጨረሻ የሚከፍል ከሆነ ከጤፍ ግዢ እስከ ክፍያ 33 ቀን አለ። 6,400 ሲባዛ በ33፣ 211,200 ብር! የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ይህን ያህል ገንዘብ ጤፍ፣ ሊጥና የሰው ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ያው ሆቴል በየሳምንቱ ቢከፍል 10 ቀን ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ 64,000 ብር ብቻ ይሆናል። በመካከላቸው ያለው 147,200 ብር ከማንም ባንክ ሳትበደሩ፣ በአንድ ውይይት የምታገኙት ካፒታል ነው። በሳምንት ለሚከፍል በእንጀራ 50 ሳንቲም ቀንሱ፤ በወር እከፍላለሁ የሚለውን ትልቅ ደንበኛ በትሕትና እለፉት። እያተረፈ የተዘጋ ሥራ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ወለድ የለውም። ቀድሞ የደረሰው ሰው ግን ተበዳሪ ነው፤ ዋስ ጠርቷል፣ በየሳምንቱ መጣል አለበት። የሳምንቱን መዋጮ ከደመወዝ ወይም ከሌላ ገቢ መክፈል ካልቻላችሁ፣ ገና ያልጀመረው ሥራ ይከፍልልኛል ብላችሁ ቀድማችሁ አትውሰዱ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ማሽንን ማስያዝ እየተቻለ የእናትን ቤት ካርታ ይዞ መሮጥ አይገባም።

ሕጉ ራሱ ለፍርሃታችሁ ያዘጋጀው ነገር አለ። በግል ስማችሁ ፈቃድ ስታወጡ የንግዱ ዕዳ እስከ ቤት ዕቃችሁ ይመጣል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ዕዳው በማኅበሩ ንብረት ይወሰናል። በግላችሁ ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ ግን ያ ከለላ ለዚያ ብድር አይሠራም። ወጪውም ከፍ ስለሚል በ100 እንጀራ ለሚጀምር ሰው የግል ፈቃድ ይበቃዋል ብለን እናምናለን።

ደረሰኝ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙ። በቀን 200 እንጀራ በ36 ብር በወር 216,000፣ በዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰውን ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ያደርገዋል፤ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። ትርፋችሁ ትንሽ ሆኖ ሳለ ጤፉን ያለ ደረሰኝ ገዝታችሁ ከሆነ ወጪውን ማስረዳት አትችሉም፤ ያላተረፋችሁትን አትርፋችኋል ትባላላችሁ።

ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ፍርሃት ሂሳብ አይፈታውም። «በዲግሪ እንጀራ?» የሚል ዘመድ ለሁላችንም አለን። ምላሹ አጭር ነው፤ ሥራውን ቀጥሉ። ቤተሰብ ገንዘብ ካዋጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ የሚለውን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ አባት ከልጁ ጋር መፈራረሙ ነውር የለውም።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀት ግለጡት። ሦስት ክፍት ቦታዎች አሉ። በመጀመሪያው፣ ቢጠፋ ከልጅ ትምህርት ቤትና ከቤት ኪራይ የማይነካውን የብር መጠን ጻፉ። በሁለተኛው፣ ያ ብር ባያልቅም እንኳ ሥራውን የምትመዝኑበትን ቀን ጻፉ፤ ለእንጀራ አራት ወር ይበቃል። በሦስተኛው፣ ከሁለቱ አንዱ ሲደርስ «አቁም» የሚላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ከዚያ በዚህ ሳምንት 25 ኪሎ ጤፍ ገዝታችሁ በቤታችሁ ምጣድ ጋግሩ፤ ከኪሎ ስንት እንጀራ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተበላሸ ቁጠሩ፤ ለሦስት ምግብ ቤቶች አቅምሳችሁ በስንት ብርና በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ጠይቁ። ሆቴሎቹን ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሂዱባቸው፤ በሌላ ሰዓት የሚሰማችሁ የለም።

እስክሪብቶ የሌላችሁ ከበሩ አጠገብ አለ። ለመጻፍ አሥር ደቂቃ እንሰጣለን፤ ቀጥሎ ጥያቄ እንቀበላለን።