ሦስት ጓጉንቸር ያለው ሣጥን

[ምስል፦ ሦስት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት የብረት ሣጥን]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት ኒጀር ውስጥ፣ በማራዲ አካባቢ፣ ከገጠር ሴቶች ጋር አንድ የቁጠባና የብድር ማኅበር ዘዴ ጀመረ። ዛሬ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል። ባንክ በሌለበት ቀበሌ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁንና ጎረቤቶቻቸውን በትንሽ ወጪ መርዳት ከፈለጋችሁ፣ እኛ የምንመክረው ይህን ነው።

በእቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ እጣ የወጣለት ይወስዳል። እዚህ ግን ሰው የሚቆጥበው አቅሙን ያህል፣ የሚበደረውም ሲቸግረው ነው።

[ምስል፦ ማኅተም የተመታበት ደብተር]

ከ15 እስከ 25 ሰዎች ራሳቸው ተመራርጠው በየሳምንቱ ይገናኛሉ። የአንድ ድርሻ ዋጋ 20 ብር ነው እንበል። አንድ አባል በየስብሰባው ከ1 እስከ 5 ድርሻ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ማኅተም ስለሚመታ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው ቁጠባውን ቆጥሮ ያውቃል። ዋጋው የሚወሰነው ከሁሉም ድሃ በሆነችው አባል አቅም ነው። 50 ብር ከተባለ እሷ በሁለተኛው ወር ትቀራለች፤ ማኅበሩ የተቋቋመው ደግሞ ለእሷ ነበር።

የገንዘብ ሣጥኑን ሦስት ቁልፎች ማኅበሩን ከሚመራው ኮሚቴ ውጭ ያሉ ሦስት አባላት ይይዛሉ፤ ሣጥኑ አራተኛ ሰው ቤት ያድራል። ስብሰባው ሲያልቅ የቀረው ገንዘብ ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ ሁሉም በቃሉ ይይዘዋል። የሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ሲጀመር አባላቱ ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ከዚያ ገንዘቡ ይቆጠራል። ደብተሮቹና ማኅተሙም እዚያው ይቆለፋሉ፤ ደብተር ቤት ከሄደ ያልተከፈለበት ማኅተም ሊመታበት ይችላል።

ብድር ከቁጠባው 3 እጥፍ አይበልጥም፦ 500 ብር ያላት እስከ 1,500 ብር። በመጀመሪያው ዓመት የመመለሻው ጊዜ ቢበዛ 3 ወር ነው። ወለዱን ራሳቸው ይወስናሉ፣ የሚገባውም ወደ ራሳቸው ሣጥን ነው። ለሕመምና ለሐዘን ደግሞ እንደ እድር እኩል የሚዋጣ ገንዘብ በሌላ ከረጢት ይቀመጣል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሒሳቡ ይጠፋል።

[ምስል፦ ገንዘብ የሚልክ ሰው ስልክ ይዞ]

አሁን ወደ እናንተ። «ሣጥኑ ውስጥ 50,000 ብር ልጨምርላቸው» ማለት ቅን ሐሳብ ነው፣ ግን ማኅበሩን ሊያፈርሰው ይችላል። ጎረቤቱ በላቧ ያጠራቀመችውን ያልመለሰ ሰው በየሳምንቱ ፊቷን ያያል። ከሩቅ የመጣ ገንዘብ ግን እንደ ስጦታ ይቆጠራል፣ ብድሩም ሳይመለስ ይቀራል። ሣጥኑንና ጓጉንቸሮቹን፣ ደብተሮቹን፣ ማኅተሙን ከነቀለሙ፣ 2 የጨርቅ ከረጢትና ካልኩሌተር ግዙላቸው። ከሁሉም በላይ ለአሠልጣኝ ክፈሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየሳምንቱ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያለማምዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ሣጥን ተገዝቶ አሠልጣኝ ከሌለ፣ ሒሳቡ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው እጅ ይገባል።

[ምስል፦ በዓመቱ መጨረሻ የገንዘብ ክፍፍል]

ዓመቱ ሲሞላ ሁሉም ብድር ይመለስና ይካፈላሉ። 20 አባላት በ50 ሳምንት 3,000 ድርሻ ገዝተው ከሆነ ቁጠባቸው 60,000 ብር ነው። ከወለዱ ጋር ሣጥኑ ውስጥ 69,000 ብር ከተገኘ፣ አንዱ ድርሻ 23 ብር ሆነ ማለት ነው። 150 ድርሻ ያላት 3,000 ቆጥባ 3,450 ብር ትወስዳለች። ቀኑን ገንዘብ በሚፈለግበት ጊዜ አድርጉት፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጥሩ ነው። ብድሩ ሁሉ በተመለሰበት ሰሞን ሣጥኑ ከምንጊዜውም በላይ ይሞላልና፣ የመጨረሻው ክፍያ በገባበት ቀን ተካፍለው ወደየቤታቸው ይሂዱ፤ ገንዘቡ አንድም ሌሊት አይደር።