ጭሱን ለእናቶች ብቻ አንተውላቸው

(ለዕድር አባላት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን ዳኛ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በመጀመሪያ ከጉባኤያችን ላይ ይህን ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ በእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን መብራት በየግቢው ቢገባም፣ እንጀራው በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚጋገርበት፣ ወጡና ቡናው በከሰል የሚሠራበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለውም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ጉልቻው ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ የሚታየው ብቻ ነው፤ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ብናኞች እስከ ሳምባ ጥግ ዘልቀው ወደ ደም ሲገቡ ነው። ሕፃናትን ለሳምባ ምች፣ አዋቂዎችን ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሳምባ ካንሰር የሚያጋልጠው ይኸው ነው። እናት አዝላ ስትጋግር ደግሞ ሕፃኑ ከእርሷ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ፣ ለሰውነቱ መጠን የሚደርሰው ጭስ ይበዛል።

ስለ ከሰል ጥቂት ልጨምር። ብዙዎቻችን ፍሙ ከቀላ በኋላ «ጭሱ አለቀ» ብለን፣ በክረምት ብርድ መኝታ ክፍል አስገብተን በር እንዘጋለን። ሆኖም ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ የተኛ ሰው ምንም ሳይታወቀው ሊሞት ይችላል። እባካችሁ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደር።

ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱ መውጫ ከሌለው ግን ቁጠባው ብቻውን ሳምባን አያድንም። የደረቀ እንጨት መጠቀም፣ ከጣሪያው ሥር መስኮት መክፈትና ጭሱን በጭስ ማውጫ ከጣሪያ በላይ ማሻገር የግድ ነው። ይህን ለእናቶች ብቻ ብናገር ግን ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ቆርቆሮውንና ግንበኛውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው፤ በኪራይ ቤት ደግሞ አከራዩ ሳይፈቅድ መስኮት አይከፈትም። በአንድ ክፍል የሚያበስሉ፣ የሚበሉና የሚተኙ ተከራዮች ያሏችሁ አባላት፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ፤ ለልቅሶ የሚበሰልበት የዕድራችን ማድቤት መስኮትም ጭስ ማውጫም የለውም። ከመጪው ክረምት በፊት ከዕድሩ ገንዘብ እንዲሠራለት፣ ሥራውን የሚከታተሉ ሦስት አባላትም ዛሬውኑ እንዲመረጡ እጠይቃለሁ።