ሶናሩ ዝም ሲል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የሰው አልባ መርከቦች መጪ ዘመን» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ስለ መጪው ዘመን እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው። መጀመሪያ ግን አምና ከዚሁ አዳራሽ ውጬው የወጣሁትን ነገር ልተንፍስ። ካሜራው ሲቀርብ አጨበጨብን፤ ራዳሩ ሲቀርብ አጨበጨብን፤ ሌዘሩ ሲመጣማ ብድግ አልን። ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን እያዳመጠ ውሃ ውስጥ ያለውን ለሚያገኘው ለሶናር የደረሰው አንድ ስላይድ ነው፤ እሱም በጥድፊያ አለፈ። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ መርከብ ዐለት ላይ ስትወጣ የሚቀደደው ላይዋ ነው ታችዋ?

ከታች ደግሞ ዓይን ብዙ አይረዳም። የራዳርና የሳተላይት ሞገድ ባሕር ውስጥ ዘልቆ አይሄድም፤ ብርሃንም ቶሎ ይደክማል። ሩቅ የሚሄደው ድምፅ ነው፤ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ። ጣጣው ያለው «ገደማ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ውሃው ሲሞቅ፣ ጨው ሲበዛበት፣ ጥልቀቱ ሲጨምር ድምፅ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ በተለዋወጠ ቁጥር ደግሞ መንገዱ ይጎብጣል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ዛሬም እደግመዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሶናሩ ሰርጓጇን መርከብ ከሩቅ ያገኛታል። ከሰዓት በኋላ ያው መሣሪያ፣ ያው ባሕር፣ ያው ሰው፤ ሶናሩ ግን ይደነቁራል። ፈቱት፣ ገጠሙት፤ ጤነኛ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ተባለ? የአዳማጩ! ምሳውን በልቶ ያንቀላፋል ተባለ። (ከምሳ በኋላ እንድናገር የመደባችሁኝ አዘጋጆች፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።) በኋላ የባሕር ተመራማሪዎች የውሃውን ሙቀት ከላይ ወደ ታች ሲለኩ ምስጢሩ ወጣ። ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ስታሞቀው ስትውል ድምፁ ወደ ቀዝቃዛው፣ ወደ ታች ያጎነብሳል፤ ሰርጓጇ ድምፅ የማይደርስበት ጥላ ውስጥ ትቀራለች። ምስኪኑ አዳማጭ ነቅቶ ነበር።

አሁን ያችኑ ከሰዓት በኋላ ለሰው አልባ መርከብ ስጧት። ፊት ለፊቷን የሚያስሰው ሶናር ድምፅ ይልካል፤ የገደል ማሚቶው አይመለስም። ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? ስክሪኑን አረንጓዴ ይቀባል! መንገዱ ነፃ ነው ይላል። «አልሰማሁም» እና «የለም» ከመቼ ወዲህ ነው አንድ የሆኑት? ዝምታ ወርቅ ነው እየተባልን አድገናል፤ የሶናር ዝምታ ግን ወርቅ አይደለም።

በአንድ ሙከራ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ የገዛ ፕሮፔለሯ ያስነሣው አረፋ ሶናሩን ጋረደው። አረፋ ድምፅን እንዴት እንደሚውጥ ለእናንተ አልነግርም። ስክሪኑ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። «ለምን?» አልኩ። «ስህተት ስላልተገኘ» ተባልኩ። ያልተሰማው ቦታ ግራጫ ይሁን ብዬ ለመንኩ። መልሱ «ደንበኛ ግራጫ አይወድም» ነበር። ደንበኛ ዐለት ይወዳል? ሰው ባለባት መርከብ ላይ መሪውን የያዘው ሲጠራጠር ፍጥነት ይቀንሳል። እናንተ ሰውየውን ስታወርዱ ጥርጣሬውንም አብራችሁ አወረዳችሁት!

ካርታ አለን ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 የተባለችው የመንገደኞች መርከብ አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ ዐለት ስትመታ፣ ካርታው ላይ የሰፈረው ጥልቀት በ1939 የተለካ ነበር። ከሆዷ ሥር የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የደረሳችሁበትን ይነግራችኋል እንጂ የምትደርሱበትን አያውቅም። ዛሬም በዘመናዊ ሶናር የተለካው የዓለም ባሕር ወለል ከሩብ ብዙም አይበልጥ።

ስለዚህ የመርከቧ ፍጥነት በሶናሯ ጆሮ ልክ ይወሰን። በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትሄድ መርከብ አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች፤ ግዙፍ ከሆነች በዚያ ርቀት አትቆምም። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ በማየትም በመስማትም ጠብቁ ይላል፤ ፍጥነትንም ከዕይታ ጋር ያያይዘዋል። ከውሃ በታች ያለውንም ዕይታ ቁጠሩበት ነው የምለው። የድምፅ ፍጥነት መለኪያም ይገጠምላት፤ ይህን መለመኔ ራሱ ያሳፍራል።



የሰው አልባ መርከቦች ጠላት እንዳልመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ቶንጋ ላይ 12 ሜትር የምትረዝም ሰው አልባ ጀልባ፣ ተቆጣጣሪዎቿ እንግሊዝ ሀገር ተቀምጠው፣ በዚያው ዓመት የፈነዳውን የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ አፍ በሶናር ለክታለች። ሰው ሊላክበት የማይገባ ቦታ ነው። መጪው ዘመን ይኸው፤ ቃሌን ጠበቅኩ።

ግራጫ የሚያሳየውን ስክሪን ራሴ ሠርቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተሰክቷል። ስትወጡ ነካ ነካ አድርጉት። አመሰግናለሁ።