ጄኮብ ሎውረንስ ቀለሙን ከየት አመጣው?

እንደምን አመሻችሁ። መቼም ዲሲ ውስጥ ማታ መኪና ማቆሚያ ፈልጎ መምጣት ቀላል አይደለም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ጀማሪ ሠዓሊ ሥራውን ሲያሳይ ቶሎ የሚወረወርበት ቃል "ይሄ የእገሌን ይመስላል" ነው። ሰርቆ የተያዘ ያህል ይደነግጣል። እኔ ግን ዛሬ የማወራላችሁ ካገኘው ሁሉ ስለወሰደ ሰው ነው። ወስዶም ማንንም አልመሰለም።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄኮብ ሎውረንስ በ1917 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሰደዱት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በ13 ዓመቱ ኒውዮርክ ያለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ሃርለም ገባ። እናቱ ሥራ ስትውል ልጇ መንገድ ላይ እንዳይቀር ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚውልበት ማዕከል አስገባችው፤ እዚያ ሠዓሊው ቻርልስ አልስተን አስተማረው። ቀራጺዋ ኦገስታ ሳቬጅ ደግሞ፣ መንግሥት ለሠዓሊያን ደመወዝ በሚከፍልበት ፕሮግራም እንዲቀጠር እጁን ይዛ ወሰደችው። እንዲህ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል፣ እውነቴን ነው።

ቀለሙስ? እሱ ራሱ የሚጠቅሰው የሃርለምን ቤቶች ነው፦ ርካሽ ግን ደማቅ ምንጣፎች፣ ግድግዳው ሁሉ ጌጥ። ከዚያ በእግሩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረስ እየሄደ የጥንት ጣሊያኖችን ሥዕል ያያል፣ የሜክሲኮውን የግድግዳ ሠዓሊ ኦሮዝኮን ያደንቃል፣ 135ኛው መንገድ ያለው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ደግሞ የስደቱን ታሪክ ያነባል።

ይሄ ሁሉ በ1941 ባጠናቀቀው የስደት ተከታታይ ሥዕል ውስጥ አለ። 60 ሥዕል ነው፤ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር! ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አልጨረሳቸውም። ሁሉንም ደርድሮ መጀመሪያ አንዱን ቀለም በሚያስፈልግበት ሁሉ ይቀባል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ከጥቁሩ ወደ ፈዛዛው። ለዚህ ነው ስልሳዎቹ በአንድ ትንፋሽ የተሠሩ የሚመስሉት። ሠዓሊት ባለቤቱ ግዌንዶሊን ናይትም የሚሣልበትን ሰሌዳ በማዘጋጀትና ከየሥዕሉ ጋር የሚሄደውን ጽሑፍ በማስተካከል አግዛዋለች፤ ስሟ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ እኔ አልዘልም።

ሥዕሎቹን ሁለት ሙዚየሞች ተካፈሏቸው። ተራ ቁጥራቸው 2፣ 4፣ 6 እያለ የሚሄደው ኒውዮርክ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ናቸው። 1፣ 3፣ 5 እያለ የሚሄደው ግን እዚሁ አጠገባችን፣ ዱፖንት ሰርክል ያለው ፊሊፕስ ኮሌክሽን ውስጥ ናቸው። የትኞቹ እንደተሰቀሉ አስቀድማችሁ ጠይቁና ሂዱ፤ ከሜትሮው በእግር ነው።